የሰዓዳ ግማሽ

ባለፈው ወር የስልኬ መስታወት ተሰነጠቀና ሰዓዳ ወደምትሠራበት አጅማን ወዳለው የጥገና ሱቅ ሄድኩ። «ደግሞ ጣልሽው?» ስትለኝ ምን ብዬ እንደምዋሻት እያሰብኩ፣ መንገዱን ሁሉ እየሳቅኩ ነው የሄድኩት። ገብቼ ሳይ ወንበሯ ላይ መነጽር ያደረገች ፊሊፒናዊት ተቀምጣለች።

ሙዲሩን፣ ማለት የሱቁን ባለቤት፣ «ሰዓዳስ?» አልኩት።

«ሰዓዳ ቢላድ» አለኝ። አገሯ ገባች ማለቱ ነው።

«ለዕረፍት?»

«ላ፣ ኸላስ፣ አበቃ። ጠቅልላ ነው። ኮምቦልቻ የራሷን ሱቅ ልትከፍት።» ቀጠለና፣ «ሰው ሁሉ እኔ ያስተማርኳት ይመስለዋል። እኔ ነኝ ከእሷ የተማርኩት» አለ። ይህ ሰውዬ ሰው ሲያመሰግን ሰምቼው አላውቅም።

አኩርፌ ወጣሁ። ሳትሰናበተኝ! በኋላ ሳጣራ ለካ ደውላ ነበር፤ ስልኬን ሰብሬ ሦስት ቀን ዘግቼ የተቀመጥኩት እኔው ነኝ። በእኔና በሰዓዳ መሃል ጥፋት ካለ ምንጊዜም ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ኩርፊያዬም አውቶቡስ እስክሳፈር እንኳ አልቆየም። «ኮምቦልቻ፣ የራሷ ሱቅ» እያልኩ ብቻዬን ፈገግ ስል አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ተነስታ ቦታ ቀየረች።

ሰዓዳ የሐርቡ ልጅ ናት፤ ወሎዬ። እኔ የደብረ ብርሃን ነኝ። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ስለምትበልጠኝ «እታለም» እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ደስ ሲላት «ወይንሼ»፣ ሳበሳጫት «አንቺ ቀልበ ቢስ» ትለኛለች። ሁለተኛውን ነው ብዙ ጊዜ የሰማሁት።

የተዋወቅነው አገራችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር መሄድን ባገደችበት ዘመን ነው። እገዳው አዲስ መጪዎችን ብቻ የሚያስቀር መስሎን ነበር። ለካ እዚህ ያለነውንም ቆልፎብናል። ለዕረፍት የገባች ሴት ቦሌ ላይ «መውጣት አትችይም» ተብላ ቀረች የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ ደፍራ ትኬት የምትቆርጥ ጠፋች። ሰዓዳ እናቷን ካየች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። እኔ ደግሞ በጉብኝት ቪዛ ገብቼ፣ ቪዛው አልቆብኝ፣ በየሰው ቤት በሰዓት እየሠራሁ የምኖር ነበርኩ። ወረቀት የሌለው ሰው እዚህ «ኸሊ ወሊ» ይባላል። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ሱቅ ውስጥ ገብቼ የማልገዛውን ሻምፑ ሳገላብጥ ነው የኖርኩት።

ሻርጃ አል መጃዝ ውስጥ አንድ ክፍል ለዘጠኝ ተከራይተን ነበር። ለእኔ ቤድ ስፔሴ፣ ማለት የተከራየሁት መኖሪያ አልጋ፣ እዚያው ነው። ሌሎቹ የሚኖሩት በየማዳማቸው ቤት ስለሆነ ክፍሉን የሚፈልጉት ለዓርብ ዕረፍታቸው ብቻ ነው። ሰዓዳም በየዓርቡ ሚርዲፍ ካለው የማዳሟ ቪላ ትመጣለች። ቁመቷ ረጅም ነው፤ ስትገባ በሩን ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው፣ በሩ ግን አይነካትም ነበር። ልማድ ሆኖባት ነው።

ከሁሉ የማይረሳኝ እጇ ነው። አንድ ነገር ከመንካቷ በፊት ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትቆምና ታያለች። የተበላሸ ፋን ይሁን የማታውቀው ምግብ፣ መጀመሪያ ዓይን ነው። «ሳታይ አትንኪ፤ ከነካሽ አትሽሺ» ትል ነበር። እኔ ሁለቱንም በተቃራኒው ነው የምሠራው።

የማዳሟ ሳሎን ውስጥ ትልቅ የመስታወት መደርደሪያ አለ፤ የብርጭቆ ፈረሶች፣ የሽቶ ጠርሙሶች፣ የብር ማንኪያዎች። የእኛ ሰው በዚህ ዓይነት መደርደሪያ ስንት መከራ አይቷል! አንዷ ፈረስ ፊቷን ወደ ግራ ካዞረች «ማን ነካት?» ነው። ሰዓዳ አቧራ ከመጥረጓ በፊት እያንዳንዱን ደርብ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ስትጨርስ ፎቶውን እያየች ሁሉንም በነበረበት ትመልሳለች። ስድስት ዓመት ሙሉ «የት አደረግሽው?» ተብላ አታውቅም። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማራትም፤ ከራሷ ጭንቅላት ነው ያወጣችው።

ኮምፒውተር የተማረችውም ልብስ ስትተኩስ ነው። ስልኳን ግድግዳው ላይ ታስደግፍና፣ ካውያው እየሄደ፣ አንድ ሕንዳዊ በቪዲዮ የሚያስተምረውን ትከታተላለች። እንግሊዝኛዋ ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። አንዱን ቪዲዮ እስኪገባት ስንት ጊዜ እንደደጋገመችው የሚያውቀው የማዳም ቤት ቀሚስና ሸሚዝ ብቻ ነው። «መምህሬን ፊቱን አይቼው አላውቅም» ትለን ነበር፣ «እጁን ግን ገበያ መሃል ባየው እለየዋለሁ።»

የማዳም ስልክ በተበላሸ ቁጥር አጅማን የምትላከው ሰዓዳ ነበረች። እዚያ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማ ሙዲሩ ሲጠግን ታያለች። አንድ ቀን ሰውዬው ያጣውን ብልሽት ጠቆመችው። ደንግጦ፣ «መልቀቂያ ካመጣሽ ወንበር አለሽ» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰዓዳ ሕልም አንድ ወረቀት ሆነ፤ ማዳም ፈርማ የምትሰጣት መልቀቂያ። ያለሱ ወደ ሌላ ሥራ መዛወር አትችልም።

ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም። በትዕዛዝ ዓባያ እያሰፋች የምትሸጥ፣ ፈጣን፣ ቁጡ ሴት ናት። ሰዓዳ ብትጠይቃት ግን፣ «አንቺን ለቅቄ ማንን ላመጣ ነው? ሐበሻ ተዘግቷል እኮ!» አለቻት። ቢሆንም ጨርሳ እንቢ አላለችም። «ኮንትራትሽ ሲያልቅ እናያለን» አለች። ሰዓዳም ያቺን «እናያለን» ይዛ ትሠራ ጀመር።

ማዳም የደንበኞቿን ልክና ትዕዛዝ የምትይዝበት አሮጌ ላፕቶፕ ነበራት። ሰዓዳ አንድ ቀን ድፍረት አግኝታ ጠየቀቻት። «ማዳም፣ የዚህ ኮምፒውተር ግማሹ ባዶ ነው። ያንቺን ዊንዶውስ ሳልነካ፣ በባዶው ላይ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ልጫንበትና ልማርበት። ሲከፈት ሁለት ስም ይመጣል። ያንቺን ስትመርጪ ያንቺ ቤት ይከፈታል፤ የእኔን ስመርጥ የእኔ።»

ማዳም፣ «የእኔ ግማሽ ላይ አንድ ነገር ቢጠፋ ስለ መልቀቂያ እንዳታነሺብኝ» አለቻት። ስምምነቱ ይህ ነበር።

እናም አንድ ዓርብ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልላ አል መጃዝ አመጣችው። መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀመጠች፤ እኛ ዙሪያዋን ከበብን። መጀመሪያ የማዳምን ፋይሎች በሙሉ በሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠች። «ቤት ስታጸጂ ዕቃ አስቀድመሽ ታወጪ የለ?» አለችኝ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ስክሪኑን ፎቶ አነሳች። የማዳም ገጽ ምን እንደሚመስል፣ የዲስኩ መጠን ስንት እንደሆነ፣ ከሥር ጥጉ ላይ ያለችውን ሰዓት ሳይቀር፣ እንደ መደርደሪያው ሁሉንም አነሳች። ከዚያ ሊኑክሱ ያለበትን ፍላሽ ሰካች።

የማዳምን ድርሻ አሳንሳ ለራሷ ቦታ ስትለይ ስክሪኑ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። እጇን ወደ ኋላ አጣመረች። አንዴ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ «አላህ ያግራው» አለችና ተጫነችው። መጫኑ ሲያልቅ ላፕቶፑ ጠፍቶ ተነሳ፤ በጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት ስሞች ከላይና ከታች ተደርድረው መጡ። ስምንት ሴቶች እልል አልን። ጎረቤት ያሉት ፓኪስታናውያን ሠርግ ያለ መስሏቸው በር አንኳኩ።

የሷን ግማሽ ስትከፍተው አማርኛ ነበር። ኪቦርዱ አማርኛ ይጽፋል፣ ገጹ አማርኛ ይናገራል። እያንዳንዳችንን በተራ አስቀምጣ ስማችንን አስጻፈችን። እኔ «ወይንሸት» ብዬ ጻፍኩና ደጋግሜ አነበብኩት። በዚህ አገር ስሜን ያየሁት በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ብቻ፣ ያውም ባለቀ ቪዛ ላይ ነበር።

የዐስር ሶላት ሰዓት ደረሰ። ሰዓዳ «ጠብቂልኝ» ብላኝ ልትሰግድ ተነሳች። መጠበቅ ምን እንደሆነ እኔ የት አውቃለሁ! የኮምፒውተሩን ቅንብር ስጎረጉር ቀኑ ዘንድ ደረስኩ፤ የፈረንጅ ቀን ነው። ሁሉም ነገር አማርኛ ሆኖ ቀኑ ብቻ ባዕድ መሆኑ ከነከነኝ። ቤቱ የእኛ ከሆነ ቀኑም የእኛ ይሁን አልኩ። ዘንድሮ እኮ ሁለት ሺህ ሰባት ነው! ወሩንም ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር አስገባሁና ደስ ብሎኝ ዘጋሁት። ለሰዓዳ ስጦታ የሰጠኋት ነበር የመሰለኝ። በዚያ ቤት ኢንተርኔት ስላልነበረ የሚያርመኝም አልተገኘም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ሰዓዳ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ሆና በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«ወይንሼ፣ የማዳም ኢሜይል እንቢ አለ። ትዕዛዞቿ ያሉበት ገጽም አልከፈት አለ። ሁሉም ቀይ ሆኖ ‹አደገኛ ነው› ይላል። ትናንት ስሰግድ ምን ነካሽ?»

«ምንም!» አልኩ። ወላሂ ሳላስበው ነው፤ አፌ ቀደመኝ።

እሷም፣ «እሺ፣ አብሽሪ» ብላ ዘጋችው። አይዞሽ ማለቷ ነው። ያንን «አብሽሪ» ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ ይቀላል። ቀኑን መቀየሬ ከዚህ ጋር ይገናኛል ብዬ አልጠረጠርኩም፤ ግን መንካቴን አውቃለሁ። አውቄ ነው የዋሸሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት። የሠርግ ወቅት ነበርና ማዳም የሙሽሮች ትዕዛዝ ጠፋብኝ ብላ ቤቱን አናወጠችው። ጠጋኝ ተጠራ። መጣ፣ ቆሞ ጥቂት ጠቅ ጠቅ አደረገና፣ «ሠራተኛሽ የጫነችው ሲስተም ያንቺን በልቶታል። ሁለቱንም ጠርጌ እንደ አዲስ መጫን አለብኝ። ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ማዳም ወደ ሰዓዳ ዞራ፣ «ምን ብዬሽ ነበር?» አለች።

«እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ጊዜ ስጪኝ።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ስለ ወረቀቱ አላነሳም።»

ስልኳን ከላፕቶፑ ጎን አስቀመጠች። የዓርቡን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያየች፣ ስክሪኑን በነበረበትና ባለበት ታመሳክር ጀመር፤ የብርጭቆ ፈረሶቹን እንደምታመሳክረው። ዲስኩ ልክ ነው። ፋይሎቹ አሉ። ሁሉም በቦታው ነው። ጥጉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ፎቶው ላይ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት የነበረው ዓመት ስክሪኑ ላይ ሁለት ሺህ ሰባት ሆኗል።

ጠጋኙም ያንን ቁጥር አይቶት ይሆናል፤ ግን ምንም አይለውም። ለሐበሻ ግን ቁጥሩ ራሱ ይጮሃል። ሁለቱ ሲስተሞች የሚጋሩት አንድ ሰዓት ነው፤ በአንዱ የተቀየረ ለሌላውም ይደርሰዋል። ገጾቹ ደግሞ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ለቀረ ኮምፒውተር በር አይከፍቱም። ሰዓዳ ብቻዋን ሳቀች። ቀኑን መለሰችው፤ ኢሜይሉ ተከፈተ፣ ሙሽሮቹ ከነልካቸው ወጡ። መግሪብ ገና አልደረሰም ነበር።

ማዳም፣ «ማነው ቀኑን እንዲህ ያደረገው?» አለች።

«በእኔ እጅ የነበረ ዕቃ ነው ማዳም። እኔ ነኝ።»

«ለምን ሁለት ሺህ ሰባት?»

«በአገሬ ዘንድሮ ሁለት ሺህ ሰባት ነው።»

ማዳም ሳቀች። ሳቅ ደግሞ አንዳንዴ ከቁጣ ይከፋል። «ዓመቱን የምትስቺ ሴት ሱቅ ምን ትሠሪያለሽ?» አለቻት። «እዚሁ እኔ ዘንድ ሁኚ። ስለ መልቀቂያ ኸላስ፣ ጨርሰናል።» እንደ ሕልም ስትጠብቀው የኖረችው ወረቀት በእኔ ጣት ተቀደደ።

የሚቀጥለው ዓርብ መጥታ ይህንን ሁሉ ስትነግረኝ መሬቱ አልዋጠኝም እንጂ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ተንበርክኬ ጉልበቷን ያዝኩ። «አሁኑኑ ሚርዲፍ ሄጄ እኔ ነኝ ብዬ እነግራታለሁ» አልኳት።

«ተነሽ እስቲ፣ አትጃጃይ! ወረቀት የለሽም። ስምሽ እዚያ ቤት ከተጠራ፣ ማዳም በንዴት ለማን እንደምትደውል ታውቂያለሽ? እኔ የማጣው አንድ ወንበር ነው። አንቺ የምታጪው ራስሽን ነው።»

«ስትደውዪልኝ ግን አውቀሽ ነበር አይደል?»

«ዘጠኝ ሆነን ነው የምንኖረው፣ ማን እጁ እንደማያርፍ አላውቅም? ምንም አልነካሁም ስላልሽኝ ነው ያዘንኩት። ምን እንደቀየርሽ ብትነግሪኝ ሁለት ደቂቃ ነበር።» ከዚያ ላፕቶፑን ገፋ አድርጋ ፊቴ አስቀመጠችው። «በይ አሁን ቀኑን የት እንደሚቀየር አሳዪኝ። አንቺ እኮ እኔ ያላየሁትን ነው የጎረጎርሽው።» ቁጣዋ ይህ ነበር። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ስልክ ከመጣል በቀር፣ ያጠፋሁትን ደብቄ አላውቅም።

ኮንትራቷ የሚያልቅበት ቀን ደረሰ። ማዳም የማደሻውን ወረቀት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ እስክሪብቶ አስቀምጣ፣ «ያላ ሰዓዳ፣ ቶሎ ፈርሚ» አለቻት። ሰዓዳ እጇን ወደ ኋላ አጣመረች።

«አልፈርምም ማዳም። ወይ መልቀቂያ ስጪኝ፣ ወይ ትኬት ቁረጪልኝ።»

«አብደሻል? ከገባሽ እኮ አትመለሺም። አገርሽ ዘግቶብሻል!»

«አውቃለሁ።»

ይህንን ስትነግረን ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ አለቀስን፤ ያበደች መሰለን። «እታለም፣ እናትሽን የሚጦረው ማነው?» አልናት። «ስድስት ዓመት ያለ ስህተት ሠርቻለሁ» አለች። «አሁን ከፈረምኩ ስድስተኛው ሰባተኛ ይሆናል፣ ሰባተኛው ስምንተኛ። እጄ ሌላ ሥራ እንደሚችል አይቼዋለሁ። ካየሁ በኋላ እንዳላየሁ መሆን አልችልም።»

ሦስት ቀን ማዳም አላናገረቻትም። ሰዓዳ መጋረጃውን ሁሉ አውርዳ አጠበች፣ ተኮሰች፣ መልሳ ሰቀለች። ሻንጣዋን በግልጽ፣ በር ከፍታ አሰረች። በሦስተኛው ቀን ላፕቶፑን አምጥታ ማዳም ፊት አስቀመጠችና ከፈተችው፤ ሁለቱ ስሞች መጡ። «ያንቺ እንደነበረ ነው። የእኔን ግማሽ ጠርጌ ልመልስልሽ ወይስ እንዳለ ይቆይ?» ብላ ጠየቀች።

ማዳም ስክሪኑን ብዙ አየችው። «ብትፈርሚም ባትፈርሚም አጥቼሻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ይቆይ።» መልቀቂያውን ፈርማ በጠረጴዛው ላይ አንሸራተተችላት። እጇ ግን ወረቀቱን ወዲያው አለቀቀውም። «ይህ ነገር ሲበላሽ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ ማዳም። ግን በትልቁ በር ነው የምገባው።»

አጅማን ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ወር ማዳም ደወለች። ሰዓዳ «ነይ፣ ረዳቴ ነሽ» ብላ ቦርሳዋን አሸከመችኝ። ፈርቼ ነበር፤ ከእሷ ጋር ግን የትም እሄዳለሁ። ሚርዲፍ ደርሰን ግቢው ውስጥ ስንገባ እግሬ በልማድ ወደ ጎን ዞረ፤ ሠራተኛ የሚገባው ከጋዝ ሲሊንደሮቹ አጠገብ ባለችው የማድቤት በር ነው።

«ወዴት ነሽ?» አለችኝ ሰዓዳ።

ትልቁ በር ፊት ቆማ ደወሉን ተጫነች። ቆየ። ደግማ አልተጫነችም፤ ሻሿን አስተካክላ ቀጥ ብላ ጠበቀች። በሩን የከፈተችው ማዳም ራሷ ናት። እገዳው ስላልተነሳ በሰዓዳ ቦታ የመጣ ሰው አልነበረም፤ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ተሰብስቧል፣ ከጣቶቿ የዕቃ ማጠቢያ አረፋ ይንጠባጠባል። ሁለቱ ተያዩ። ስድስት ዓመት «ያላ ሰዓዳ» ስትል የኖረች ሴት ከበሩ ፈቀቅ ብላ፣ ለእንግዳ እንደሚባለው «ተፈደሊ፣ እባክሽ ግቢ» አለቻት።

ሰዓዳ «ቢስሚላህ» አለችና በቀኝ እግሯ ገባች።